እስከ መስከረም

ጎጃም ውስጥ ሰው ፈሪ ነኝ ብሎ ወሬ አይጀምርም። እኔ ግን ፈሪ ነኝ። ለረጅም ጊዜም ፍርሃቱን ከአባቴ የወረስኩት ይመስለኝ ነበር።

ዛሬ ደምበጫ ወረዳ ውስጥ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ጭኜ ከቀበሌ ቀበሌ በሞተር ሳይክል እዞራለሁ። ሴት ሞተር ስትነዳ አይቶ በሬውን አቁሞ የሚያፈጥ ገበሬ አሁንም አልጠፋም፤ ያፍጥ፣ እኔ ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት ጭሱን ነው። ጠዋት ሞተሬን ሳስነሳ ዞሬ ጭሱን ሳላይ አልንቀሳቀስም። ነጭ ከሆነ ብርድ ነው፣ ወዲያው ይተናል። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል። ሰማያዊ ከሆነ ግን ሞተሩ የራሱን ዘይት እየበላ ነው ማለት ነው፣ የሚከፈትበት ቀንም ቀርቧል። ሰማያዊ ጭስ ባየሁ ቁጥር ዛሬም ልቤ ድንግጥ ይላል።

የአባቴ ሞተር ጭስ ሰማያዊ ነበር።

አባቴ ደመላሽ ይባላል፤ የወረዳው የከብት ሐኪም ነበር። የምንኖረው ከአምበር ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። መሬቱ ዋልካ ስለሆነ ክረምት ሲገባ እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ጭቃ ብቻ ይሆናል፤ መኪና የሚባል ነገር አይደርስብንም። ሞተሩን የገዛው መሥሪያ ቤቱ አርጅቷል ብሎ በጨረታ ሲሸጠው ነው። ባለ አራት ምት፣ ጥርሳም ጎማ ያለው፣ ለገጠር መንገድ የተሠራ ሞተር ነበር። እኔ ሲገዛው ለኩራት መስሎኝ ነበር። የገዛው እናቴ ወባ ታማ በቃሬዛ ከተወሰደችበት ክረምት በኋላ ነው። ወባ ነው የተባልኩት። አገራችን ደጋ ነው፣ ወባ የለበትም፤ ይህን ለማሰብ ግን ብዙ ዓመት ፈጀብኝ።

የምነግራችሁ ክረምት ሲመጣ ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። አባቴ ጠዋት ሞተሩን ያስነሳና ረጅም ካቻቢቴ አንስቶ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ጎረቤቶቻችን በአጥሩ በኩል ሲያልፉ፣ "ደመላሽ፣ ዛሬስ ምን አለህ?" እያሉ ያሾፉበታል። እሱ አይመልስላቸውም፤ እንኳን ለነገረኛ ለወዳጅም ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። እኔ ግን አጠገቡ ቆሜ ፊቱን አይ ነበር። ፈርቷል። አባቱ ሲፈራ ያየ ልጅ የት እንደሚገባ ይጠፋዋል።

ሰኔ ላይ አበረ መጣ። አበረ አምበር ላይ ሞተርና ባጃጅ የሚጠግን፣ እጁም አፉም የማያርፍ ሰው ነው። ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ የማስነሻውን ፔዳል በመዳፉ ተጭኖ ወደ ታች አወረደው።

"እየው፣ በእጄ ነው የገፋሁት። መልሶ ሊገፋኝ ይገባ ነበር። ጉልበት የለውም ይሄ።"

"ቫልቩ ይሆናላ" አለ አባቴ።

"ቆይ፣ አንጣላ።" እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ፈትቶ በቀዳዳው ጥቂት ዘይት ጠብ አደረገበት፤ መልሶ አሰረና ፔዳሉን እንደገና ተጫነው። አሁን አልወርድ አለው፤ በእግሩ ቆሞበት ነው የወረደው። "አየህ? ዘይት ሲያገኝ ጉልበቱ ተመለሰ። ቫልቭ ቢሆን አይመለስም። ያለቀው ሪንጉ ነው።"

ሪንግ ማለት ፒስተኑን ዙሪያውን ይዞ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚያጠብቀው ስስ ቀለበት ነው። ያኔ ይህን አላውቅም። አበረ አሮጌውን ዘይት በጣቱ አሽቶ ደመናው ገለጥ ባለበት በኩል ሲያሳየው፣ በጣቱ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር አየሁና ደስ አለኝ። የብረት ብናኝ ነበር። ሞተሩ ውስጡን እየፋቀ እየጨረሰ ነበር።

"ይከፈት" አለ አበረ። "ሲሊንደሩ ማርቆስ ሄዶ ይፋቅ፣ ፒስተንና ሪንግ ይቀየር።"

"ስንት ጊዜ ይፈጃል?"

"ዕቃው ማርቆስ ከተገኘ ቶሎ ነው። ካልተገኘ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ እግዜር ይወቀው።"

"እስከ መስከረም ባቆየውስ?"

"ማቆየቱንማ ታቆየዋለህ። እየነዳህ ከሆነ ግን አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ፒስተኑ ይነክሳል፤ ድርቅ ብሎ ይቀራል። የኋላ ጎማህን ቆልፎ ገደል ይከትሃል። ዋ! ነግሬሃለሁ።"

እናቴ ወለላ ከጓሮ ጎመን ይዛ መጥታ ከኋላቸው ቆማ ነበር። ጋቢዋን ተከናንባለች፤ በዚያ ክረምት ጋቢዋን አውልቃ አይቻት አላውቅም። ወደ ቤት ገባች። አባቴ እሷን ሲያይ የአበረን ክንድ ያዝ አድርጎ ወሬውን አስቀየረው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ሰላም አጣሁ። ከሰዓት በኋላ ባሕር ዛፉ ሥር ቆሜ የሞተሩን ድምፅ እጠብቃለሁ። ሲሰማም አልደሰትም፤ አሁን ይቆማል፣ አሁን ጎማው ይቆለፋል እያልኩ እስኪደርስ እቆጥራለሁ። አባቴ ግቢ ገብቶ ሞተሩን ሲያጠፋ ብቻ ነው የምተነፍሰው። ለማንም አልተናገርኩም። የሚናገር ሰው እኛ ቤት አልነበረም።

ሐምሌ ሲገባ ሞተሩን በላስቲክ ሸፍኖ በእግሩ ሥራ መሄድ ጀመረ። እፎይ አልኩ፤ አፈርኩም። አባቴ ሞተሩን ፈርቶ ተወው ብዬ ነው የተረዳሁት። የመንደሩ ልጆችም እንደዚያው ተረድተውት ኖሮ እያሾፉ ያበሽቁኝ ጀመር።

ከዚያ አንድ ዝናባማ ጠዋት የገባኝን ሁሉ የሚያፈርስ ነገር አደረገ። ግማሽ ያህል የተሞላ የስንዴ ጆንያ ከጎታው ቤት አውጥቶ የሞተሩ የኋላ መቀመጫ ላይ አቆመው። በገመድ ዙሪያውን ከገዛ ወገቡ ጋር አሰረውና ወደ አስፋልቱ በሚወስደው በድንጋያማው ጉብታ በኩል ወጣ። ሸጦት ይመጣል አልን። ሲመለስ ጆንያው እንዳለ ነው፤ ርሷል፣ በጭቃ ተለውሷል። የአባቴም ጉልበት ደምቷል።

"ደመላሽ ስንዴውን አስፋልት አሳይቶት መጣ" አሉ ጎረቤቶቻችን። ሰነበተና ደግሞ ሄደ። ያንኑ ጆንያ፣ በዚያው መንገድ። አባቴ አብዷል ብዬ ተደብቄ አለቀስኩ።

ጆንያው የእናቴን ያህል ይመዝን ነበር።

እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ያ "ወባ" የተባልኩትም ምጥ ነበር፤ ቃሬዛው ጭቃው ውስጥ ሲዘገይ ውሎ ሕፃኑ ሞቷል፣ እሷም ለጥቂት ነው የተረፈችው። ማርቆስ ያለች አዋላጅ አባቴን ለብቻው ጠርታ፣ የሚቀጥለውን ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት ብላዋለች። የሚቀጥለው የሚጠበቀው መስከረም መባቻ ላይ ነበር። አባቴ የሞተሩን የቀረች ዕድሜ ለዚያች አንድ መንገድ እየቆጠበ፣ በየትኛው ድንጋይ በኩል እንደሚያልፍ በጆንያ እየተለማመደ ነበር። ሞተሩ ተከፍቶ ዕቃ ቢጠፋለትስ? ያ ነበር የሚያስፈራው። ሳይከፈት ቢነክስም ያው ነው። ጠዋት ጠዋት በካቻቢቴ የሚያዳምጠው የሞተሩ መንከስና መስከረም የትኛው ቀድሞ እንደሚመጣ ነበር።

ይህን ለእናቴ ለምን አልነገራትም ትሉኝ ይሆናል። እኛ አገር ያልተወለደ ልጅ ወሩ ተጠርቶ አይወራም፤ አንድ የሞተበት ቤት ከሆነማ ጭራሽ አይነሳም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ ስለዚህ ማንም የፈራውን በአፉ አይጠራም። አባቴ ለእናቴ ይፈራል፣ እናቴ ለአባቴ ትፈራለች፣ እኔ ሁሉንም እፈራለሁ። ሦስታችንም ከአንድ ገበታ ቀርበን ስለ ዝናቡ እናወራለን።

አባቴ ጉልበቱን አድምቶ ለሁለተኛ ጊዜ ከተመለሰ በኋላ እናቴ እጄን ይዛ የነፍስ አባታችን መምሬ ታዲዮስ ዘንድ ሄደች። የፍልሰታ ጾም ሊገባ ነበር። መስቀል ተሳልማ ሳትቀመጥ ማልቀስ ጀመረች።

"አባቴ፣ እኔን አይሰማኝም፤ እርስዎን ግን ይሰማል። ያ ሞተር ባሌን ሊገድልብኝ ነው። ይገዝቱልኝ።"

ግዝት ቀልድ አይደለም። የነፍስ አባቱ የገዘተውን ነገር ያፈረሰ ሰው ቤተ ክርስቲያን እንደ ልቡ አይገባም፣ ቢሞትም ነገሩ አያምርም። መምሬ በዚያው ቀን ቤታችን መጡ። አባቴ ከመቀመጫው ተነስቶ መስቀላቸውን ተሳለመ።

"ደመላሽ፣ ልጄ፣ ይህ ሞተር ታሟል አሉ።"

"አርጅቷል፣ አባቴ።"

"ታዲያ ለምን አታስከፍተውም?"

"አስከፍተዋለሁ። እስከ መስከረም ብቻ ይታገሡኝ።"

"መስከረም ምን አለ?"

አባቴ ቀና ብሎ እናቴን አያት። ጋቢዋን ከደረቷ ላይ ሰብስባ ምሰሶውን ተደግፋ ቆማለች። አፉን ከፈት አደረገና መልሶ ዘጋው። እኔ መልስ ስላጣ ነው ብዬ አፈርኩበት።

"እንግዲያው" አሉ መምሬ፣ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው፣ "ይህ ሞተር ተከፍቶ ሳይታደስ እንዳትነዳው በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ገዝቼሃለሁ።"

የአባቴ ፊት አመድ መሰለ። እናቴ በእፎይታ አለቀሰች። እኔም እጄን አፌ ላይ አድርጌ ሳቅኩ፤ አባቴ አይሞትም ማለት ነዋ።

በማግስቱ አበረ መጥቶ የማዳበሪያ ጆንያ ዘረጋና ሞተሩን ከፈተው። በዚያ ክረምት እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። አበረ አሮጌውን ሪንግ ሲሊንደሩ ውስጥ ከትቶ፣ "ነይ እስቲ እስከዳር፣ በዚህ በኩል ብርሃን ይታይሻል?" አለኝ። በሪንጉና በግድግዳው መካከል ብርሃን በጭረት ይታያል። "ያ ነው የሚያጨሰው" አለኝ። የፈራሁት ነገር ሁሉ ብሎን በብሎን ተፈትቶ ጆንያ ላይ ተደርድሮ ሳየው ተጫወትኩበት፣ ዘፈንኩም። አባቴ ሲሊንደሩን በፎጣ ጠቅልሎ፣ የዝናብ ኮቱ ሥር አቅፎ፣ በእግሩ ወደ አስፋልቱ ሄደ። ጆንያው ላይ የተዘረገፈው የእናቴ መንገድ እንደነበረ ማን ይንገረኝ? መፍራት በነበረብኝ ቀን ነው ዘፍኜ የዋልኩት።

ማርቆስ ሲሊንደሩ ተፋቀ፣ ሪንጉ ግን ጠፋ። አባቴ ባዶ እጁን ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ። እየከሳ መጣ። በመጨረሻ፣ መስከረም ገና ሳይገባ፣ አንድ ዝናብ ያባራበት ረፋድ ላይ ዕቃውን ይዞ ከአበረ ጋር ደረሰና ላስቲክ ወጥረው መግጠም ጀመሩ። ፒስተኑን ገና ሲሊንደሩ ውስጥ ሳያስገቡት እናቴ ከቤት ውስጥ ጮኸች።

ጎረቤት ሴቶች ነጠላቸውን እያጣፉ ሲገቡ አየሁ። "ማርያም፣ ማርያም" የሚለው ድምፅ እየበረታ መጣ።

"እማዬ ምን ሆነች?" ብዬ አንዷን ቀሚሷን ያዝኳት።

"ወባ ነው፣ ዞር በይ ልጄ።"

ወባ! በቃሬዛ የወሰዳት ያ ወባ። ላስቲኩ ሥር ገብቼ ቁጢጥ አልኩ። አበረ አንዲት ቃል አይተነፍስም፤ አበረ ዝም ሲል አይቼ ስለማላውቅ እሱም አስፈራኝ። አባቴ ብሎን ያቀብለዋል። ወንዶቹ ቃሬዛ ይሠራ ሲሉ አንዱ፣ "በዚህ ጭቃ መሽቶብን አስፋልት አንደርስም" አለ። አምቡላንሱ ተደውሎለት መጥቷል፣ ግን ከአስፋልቱ ወዲህ መግባት አልቻለም።

መምሬ ታዲዮስ ቅዳሴ ሳይገቡ፣ ጫማቸው ጭቃ ለብሶ መጡ። የቤቱን ጩኸት ሰሙ፣ የተፈታውን ሞተር አዩ፣ ቆመው ቀሩ።

"ደመላሽ" አሉ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። "መስከረም ያልከኝ ይህን ነበር? ምነው ብትነግረኝ?"

አባቴ ቀና አላለም። ብሎኑን ያጠብቃል።

ሞተሩ ሲነሳ ድምፁ ተለውጦ ነበር፤ ጠበቅ፣ ደፈን ያለ ድምፅ። አበረ የአባቴን አንገትጌ ይዞ ወደ ጆሮው የሆነ ነገር ነገረው። ሴቶቹ እናቴን ደግፈው አወጧት። ጆንያው በነበረበት ቦታ አስቀምጠው፣ ደረቷን ከአባቴ ጀርባ አስደግፈው፣ ሁለቱን በመቀነቷ አንድ ላይ አሰሯቸው። ፊቷ ላይ ቀለም የሚባል አልነበረም። መምሬ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት ከፊት ድንጋዩን እየመረጡ ሄዱ።

እኔም ሮጥኩ። ማንም አልከለከለኝም።

እናም ደረስኩበት። ይህ ነው ለዓመታት ያልለቀቀኝ፤ በባዶ እግሩ ጭቃ ላይ የሚሮጥ ልጅ ሞተር ላይ ደረሰ! አባቴ ያዘግማል። ሜዳ ሲያገኝ እንኳ አይነዳውም፤ ጥቂት ይሰጠዋል፣ ወዲያው ይቀንስለታል። እናቴ ታቃስታለች። ንዳው፣ ንዳው እላለሁ በልቤ።

ጉብታው አናት ላይ ጭራሽ አቆመው። ሞተሩን አጠፋ።

ካፊያ ነበር። ጠብታው ሞተሩ ላይ ሲያርፍ ቸስ ይላል። አባቴ መዳፉን ወደ ሲሊንደሩ አስጠግቶ ዝም ብሎ ጠበቀ። እናቴ ጉንጯን ጀርባው ላይ አድርጋ ጥርሷን ነክሳለች። ከታች በኩል አስፋልቱ፣ የአምቡላንሱም ነጭ ጣሪያ ይታያል። እናቴ እየሞተች አባቴ ይጠብቃል። ቁልቁለቱን ፈራ፣ ሞተሩን ፈራ፣ እናቴን እዚህ ሊገድላት ነው አልኩ። በልቤ ፈሪ ያልኩት ያኔ ነው። ከዚያ አስነስቶ በዝግታ ወረደ፣ ከዓይኔም ተሰወረ። ከኋላው ሰማያዊ ጭስ አልነበረም፤ ያን ግን ልብ አላልኩም።

የዛሬ ስድስት ዓመት ገደማ የመሥሪያ ቤቴ ሞተር ተከፍቶ አዲስ ሪንግ ሲገባለት፣ ደምበጫ ያለው መካኒክ ቁልፉን ሲሰጠኝ እንዲህ አለኝ፦ "እንዳታስጮኺው። ግድግዳው ገና ጠባብ ነው፣ ሪንጉም አልተላመደም። ሲግል አቁመሽ አብርጂው። ከቸኮልሽ ይነክስና መንገድ ላይ ትቀሪያለሽ።" ቁልፉን እንደያዝኩ ደጁ ላይ ተቀመጥኩ። መካኒኩ ያመመኝ መስሎት ውኃ አመጣልኝ። አበረ ያን ቀን ለአባቴ በጆሮው የነገረው ይህንኑ ነበር። ምጥ የያዛትን ሚስቱን ከጀርባው አስሮ፣ እያንዳንዷን ጩኸት እየሰማ፣ እጁን ከመጣደፍ የከለከለ ሰው ነው አባቴ። እኔ ብሆን እነዳው ነበር። ገደልኳት ማለት ነው።

በዚያው ሳምንት አምበር ሄጄ እናቴን ጠየቅኳት። "ጉብታው ላይ ሲያቆም አልተናደድሽበትም?"

ባቄላ እየፈለፈለች ነበር። እጇን አቆመች።

"ሞተሩ ሲጠፋ ጆሮዬ ጀርባው ላይ ነበር" አለች። "ልቡ ሲመታ ሰማሁት። ኧረ እንዴት ያለ ምት ነው! ደረቱን ሰብሮ የሚወጣ ነው የሚመስለው። ያን ጊዜ ምጤን ረሳሁትና ለእሱ ፈራሁ።" ባቄላዋን ቀጠለች። "አንድም ቀን ፈርቻለሁ ብሎኝ አያውቅም፣ ያንቺ አባት።"

ተናግሯል፤ አንድ ጊዜ። እሷ ከአራስ ቤት ስላልወጣች አልሰማችውም እንጂ እኔ ሰምቼዋለሁ።

እናቴ ከማርቆስ ስትመለስ ወባው ወንድም ይዞልኝ መጣ። ለአባቴ ያለኝ ቂም ግን አልወጣልኝም፤ ሕፃኑን አቅፎ ሊያስቀኝ ሲሞክር ፊቴን አዞርበት ነበር። በአርባ ቀኑ ክርስትና ሊነሳ ቤተ ክርስቲያን ወሰድነው። ዝናቡ ወጥቷል፣ ሜዳው አደይ አበባ ለብሷል። መምሬ ታዲዮስ የክርስትና ስሙን ሰጡትና ወደ አባቴ ዞር አሉ።

"የቤት ስሙንስ ማን አላችሁት?"

አባቴ ሕፃኑ ላይ አጎነበሰ። አሁንም መልስ አጣ ብዬ ተሳቀቅኩ። መምሬም አላጣደፉትም፤ ጠበቁት።

"አንሙት" አለ።

መስከረም ነበር።